አሥራ አራት መሪዎች ለአንድ መርዶ

ዩኒቨርሲቲው ባሳተመው ወረቀት ላይ የአሥራ አራት መሪዎች ስም ከነፎቷቸው ተደርድሯል፤ የእኔ የለበትም። ያነበበችልኝ ትግስት ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ስለመጣች ፈረንጅኛውን ትሞካክራለች። ሁለት ጊዜ አስነበብኳት። ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ «በዕለቱ አንዲት የማኅበረሰቡ አረጋዊት ተገኝተው ነበር» ይላል አለችኝ። ተገኝተው ነበር! አልጋ ሥር እንደተገኘ ያንድ እግር ነጠላ ጫማ።

ቀፀላ እባላለሁ። ቤይሩት ከገባሁ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ መጀመሪያ ሰው ቤት አድሬ፣ ከዚያ ጠፍቼ፣ አሁን በሰዓት እያጸዳሁ እኖራለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ይህንንም ሰው እንዲያዝንልኝ ብዬ አልናገረውም። ዶራ ሰፈር ያለው የሴቶች እድር ዳኛ ከሆንኩ አሥራ ሰባት ዓመት አልፎኛል። አራት አስከሬን አገሩ አስገብቻለሁ። ስንት መርዶ እንደተናገርኩ ግን ቆጥሬ አላውቅም፤ መርዶ አይቆጠርም። አሁንም እኔ እናገራለሁ፣ ትግስት ትጽፋለች። አሳምራ ከጻፈችው ውርድ ከራሴ።

ከኮረብታው ላይ አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ስሙን አልጠራም። ይህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ዲግሪ ከመያዛቸው በፊት መሪ መሆን አለባቸው ብሎ ወሰነ። ተራ መሪ አይደለም፣ ለኅብረተሰቡ በጎ ለውጥ የሚያመጣ መሪ። መልካም። ችግሩ መሪ የሚመራው ሰው ይፈልጋል። አገሩ ደግሞ መሪ ብቻ ሆነና የሚመራ ድሃ አለቀ። የስደተኛውን ሰፈር የሕግ ተማሪዎች ቀድመው ያዙት። ሽማግሌዎቹን የሕክምና ተማሪዎች ወሰዷቸው። የመንገድ ድመቶቹ እንኳ ተይዘዋል አሉ፤ የሥነ ሕይወት ክፍል ነው የያዛቸው። የተረፍነው እኛ ነን። ዶራ፣ ከቫኖቹ መናኸሪያ ጀርባ፣ ሁለት ክፍልና አንድ ወጥ ቤት ተከራይተን የምንኖር ዘጠኝ ሴቶች።

አስተማሪያቸው ዶክተር ራንዳ ትባላለች። ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ ደረጃውን ወጣ። ከእኛ አንዷን እንኳ ስም ሳትጠይቅ ተቀመጠችና፣ «እነዚህ ወጣቶች ከእናንተ ጋር ሆነው ለውጥ ያመጣሉ» አለች።

«ስንት ናቸው?» አልኳት። በዐረብኛ ነው የምናወራው፤ የእኔ ዐረብኛ ከወለል ያነሣሁት ቢሆንም ይገባል።

«አሥራ አራት።»

«እኛ ዘጠኝ ነን።»

«ችግር የለም፤ ይካፈሏችኋል።»

ተካፈሉን። ለአንዳችን አንድ መሪ ደረሰ፤ የተረፉትን አምስቱን ደለደልናቸው። ሽታዬ ሰፋ ያለች ሴት ስለሆነች ለሦስት ተሰጠች። መንበረም እንደዚያው ሦስት መሪ ደረሳት። አንደኛው የቀረ መሪ ለእኔ ተጨመረ፤ ጃድ ይባላል፣ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፎ የሚዞር ቀጭን ልጅ። ሁሉም «ኻልቶ» ይሉኛል፣ አክስቴ ማለታቸው ነው።

መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ ምንድነው ብለው ጠየቁን። መንበረ «የውሃ ማሞቂያው ከተበላሸ ሦስተኛ ወሩ ነው» አለች። ሦስቱም መሪዎቿ ተመካክረው በቢጫ ወረቀት «በራስ መተማመን ይጎድላታል» ብለው ጻፉና ግድግዳው ላይ ለጠፉት። ማሞቂያው ላይ ነው የለጠፉት።

በሳምንቱ መተማመንን እናስተምራችሁ ብለው መጡ። አንዷ ዐይኗን ጨፍና ወደ ኋላ ትወድቃለች፣ መሪዋ ይይዛታል። ሽታዬ፣ «ልጄ፣ አይሆንም፣ አንተን አያድርገኝ» አለች። ሻርቤል የሚባለው ልጅ፣ «እመኚኝ፣ ኻልቶ» አላት። አመነችው። ሻርቤል አራት ቀን አልጋ ላይ ዋለ። በሪፖርታቸው ላይ «መተማመን ተፈጥሯል» ተብሎ ተጽፏል፤ ይህንንም ትግስት ናት ያነበበችልኝ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ እየሳቅን ሳለ ነው፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከእስቴ ስልክ የተደወለልኝ። አሸብር ነው፤ የዝናሽ ታላቅ ወንድም።

«እትዬ ቀፀላ፣ ብቻሽን ነሽ?»

ይህን ሲሉኝ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። «ብቻዬን ነኝ። ማን ነው?» አልኩት።

«እናታችን። እሙሽ። ሁለት ሳምንቷ ነው፣ ቀብረናታል።» አለቀሰ፤ ጠበቅሁት። «ዝናሽ አልሰማችም። በደወለች ቁጥር ጸበል ሄዳለች እንላታለን። እሑድ ትደውላለች፤ ልጆቹ ስልኩን ይቀማሉ፣ ከእንግዲህ አንዱ ያመልጠዋል። እባክሽን አንቺ ንገሪልን።»

«ከእሑድ በፊት እነግራታለሁ» አልኩት። ቃል ሰጠሁ ማለት ነው።

ዝናሽ ዓይን ኤል ረማነህ የሚባል ሰፈር፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ ማዳም ጃክሊን የምትባል ሴት ቤት ነው የምትሠራው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ እሑድ አልወጣችም። የማውቃት በረንዳ ላይ ልብስ ስታሰጣ ከሥር ሆኜ እያናገርኳት ነው፤ ስልክ ያስገባሁላትም እኔ ነኝ፣ በገመድ። ማዳሟ ፓስፖርቷን ቆልፋ ይዛለች፤ እኛንም በር ከፍታልን አታውቅም።

በስልክ ንገሪያት የሚል ይኖራል። የማያውቅ ነው እንዲህ የሚለው። ኻልዴ ያለች አንዲት ልጅ የአባቷን ሞት በስልክ ነግረዋት፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ወጥ ቤት ወለል ላይ ወደቀች። ማዳሟ ተራምዳት አልፋ «ጨው የት ነው ያደረግሽው?» አለቻት። ከዚያ ወዲህ እኔ ዳኛ ሆኜ በስልክ መርዶ የለም። መርዶ በማለዳ ነው፤ ሰውዬው እህል ሳይቀምስ፣ ሥራ ሳይጀምር። የምትናገር ሴት ከፊት ትቀመጣለች፣ ሁለት ጠንካራ ሴቶች ከኋላ ይሆናሉ፣ ውሃ ይቀርባል። ልጅቷ ስትወድቅ የሚይዛት እጅ መኖር አለበት። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

በሩን ማን ይክፈትልኝ? ከመሪዎቹ አንዷ ሲሪን ትባላለች። የማዳም ጃክሊን ልጅ ናት! መጀመሪያ ቀን ራሷ ነገረችኝ፤ «እኛም ቤት ከእናንተ አንዷ አለች፣ ዝናሽ፣ እንደ እህቴ ናት» አለችኝ።

«እህትሽ ከሆነች እሑድ ለምን አትወጣም?»

ጸጉሯን ወደ ጆሮዋ ኋላ አደረገችና «ያኒ… ማማ አትፈቅድም» አለች።

ሐሙስ ማታ ሳይመሽ ሲሪንን ጠርቼ ለብቻዋ ነገርኳት። «ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት በሩን ከውስጥ ክፈቺልኝ። ሁለት ሴቶች ይዤ እመጣለሁ። ለዝናሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። ሌላ ምንም አልፈልግም።» ዕንባዋ መጣ፤ «እሺ ኻልቶ» አለች። ልቤ ዐረፈ።

ልጅቷ ግን ብቻዋን ምንም ነገር ማድረግ አልተማረችም። ዐርብ ጠዋት አሥራ አራቱም ዶራ ከች አሉ።

«ይሄ የእኛ ፕሮጀክት ነው» አለኝ ጃድ፤ ላፕቶፑን ከፈተው። የዝናሽ እናት ጉዳይ ስም ወጥቶለታል፤ «ከሐዘን ወደ ተስፋ»። ከሥሩ የምትበር እርግብ አለች።

«ዝጋው» አልኩት።

«ኻልቶ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። መሳካቱን በምን እናውቃለን? ካለቀሰች ነው የተሳካው ወይስ ካላለቀሰች?»

በዚህ ሁለት ሰዓት ተከራከሩ። ግማሾቹ ለቅሶ ውጤት ነው አሉ፤ ግማሾቹ ለቅሶ እንቅፋት ነው አሉ። አንዷ ልጅ በመቶ ስንት እንደምታለቅስ አስቀድመን እንገምት አለች። ሽታዬ ሽንኩርት እየላጠች ስትሰማ ቆይታ፣ «እትዬ ቀፀላ፣ እነዚህ ልጆች ሰው ሞቶባቸው አያውቅም?» አለችኝ በአማርኛ።

«ሞቶባቸዋል፤ ቅጹን ሳይሞሉ ነው የቀበሩት» አልኳት።

ላባርራቸው አሰብኩ። ነገር ግን በሩ የሲሪን ነው፤ ሲሪን ደግሞ ያለ እነሱ አትንቀሳቀስም። ስለዚህ ሥርዓቱን አስረዳኋቸው። ማን ከፊት፣ ማን ከኋላ፣ ውሃው መቼ። በጥሞና ጻፉ። ከዚያ ሹመት ተከፋፈሉ። የውሃ መሪ ተመረጠ። የመያዝ መሪ ተመረጠ። የደረጃ መሪ፣ የበር መሪ፣ የነጠላ መሪ። አንዱ የዝምታ መሪ ሆነ፤ ስለ ዝምታ ግማሽ ሰዓት ንግግር አደረገ።

«ሲሪን፣ አንቺ ቤት ውስጥ ነሽ፤ በር ትከፍቻለሽ» አልኩ ሲወጡ። «ለእናትሽ ነግረሻታል?»

«ነገ እነግራታለሁ።»

«ነገ እኮ ነው የምንመጣው።»

«ጠዋት እነግራታለሁ» አለች። እናቷን እንደምትፈራት ያኔ ገባኝ። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ በሸሚዟ ላይ «ተግዪር» ተብሎ ተጽፏል፣ ለውጥ ማለት ነው። ያንን ሸሚዝ የምትተኩስላት ዝናሽ ናት።

ቅዳሜ ጠዋት ከሽታዬና ከመንበረ ጋር በሰርቪስ ታክሲ ዓይን ኤል ረማነህ ደረስኩ። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለብሻለሁ። ሕንጻው ሥር አሥራ አራቱም «ተግዪር» የሚለውን ሸሚዝ ለብሰው ቆመዋል። ቆጠርኩ። አሥራ አራት።

«ሲሪን፣ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«መሪ ከቡድኑ ጋር መሆን አለበት ተባልኩ» አለች። «ፎቶ ለመነሣት ወረድኩ።»

«ቁልፉስ?»

ኪሷን ዳሰሰች። ወደ ላይ አየች። ሁላችንም ወደ ሰባተኛው ፎቅ አየን።

መብራት የለም፤ አሳንሰሩ ቆሟል። ናጡሩ፣ የሕንጻው ዘበኛ፣ ይህን ሁሉ ባለ ሸሚዝ ሲያይ ክፍሉ ገብቶ ከውስጥ ቆለፈ። ደረጃው ጠባብ ነው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ያስወጣል። አሥራ አራቱም ከፊት መሆን ፈለጉ። ከኋላ መሄድ ከውጤታቸው ላይ ይቀንሳል መሰለኝ። ተወያይተው በየፎቁ መሪ እንዲቀያየር ወሰኑ። አንደኛ ፎቅ ስንደርስ ቆምን፤ አሮጌው መሪ ወደ ኋላ መጣ፣ አዲሱ ወደ ፊት ሄደ፣ አጨበጨቡለት። ሁለተኛ ፎቅም እንደዚያው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዱ ሲወርድ ሌላው ሲወጣ ሻርቤል መሐል ተሰነገ፤ ወገቡም ገና አልዳነም። ድምፅ ይሰጥ ተባለ።

ፀሐይ ልትወጣ ነው። ዝናሽ ስልኳን ልትከፍት ነው፤ ማልዳ እየተደበቀች ትከፍታለች። በክንዳቸው ሥር ጎንበስ ብዬ አለፍኩ። ሽታዬም አለፈች፤ እሷ ስታልፍ እንኳ ግድግዳው ላይ አጣብቃቸው ነው። ጉልበቴ የስድሳ ሁለት ዓመት ጉልበት ነው፤ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ግን መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ። በሩን አንኳኳሁ። አሥራ አራቱ እያለከለኩ ከኋላዬ ደረሱ።

ማዳም ጃክሊን በሌሊት ልብሷ፣ ጸጉሯን በጥቅል ጠምጥማ ከፈተች። እኔን አየች። ከኋላዬ ያሉትን አየች። «ተግዪር» አሥራ አራት ጊዜ።

«ሰውራ!» ብላ ጮኸችና በሩን ጠረቀመችው። አብዮት ማለቷ ነው። ባለፈው ወር ሰልፈኞች የታችኛዋን ጎረቤቷን፣ ሠራተኛዋን አስራ ይዛለች ብለው ፌስቡክ ላይ አውጥተዋታል፤ ከበሯ ላይም ተሰልፈውባታል።

ሲሪን «ማማ፣ እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣትም። ከውስጥ መሳቢያ ሲጎተት፣ ቁልፍ ሲንኳኳ ሰማን። በሩ በሰንሰለት ልክ ተከፈተ። አንድ እጅ ወጣ፤ እጁ ላይ የዝናሽ ፓስፖርት አለ።

«ውሰዱት! እሑድም ትውጣ! ቪዲዮ አትቅረጹኝ!»

አጨበጨቡ። እግዜር ያሳያችሁ፣ መርዶ ይዘን ደረጃ ላይ ቆመን አጨበጨቡ። ጃድ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ከፍቶ፣ «ያቀድነው አንድ ውጤት ነበር፤ ሁለት ሆነልን» አለ። አንዷ ደግሞ ከዒላማችን በላይ ስለሠራን ወደ ቤት መሄድ እንችላለን ብላ ሐሳብ አቀረበች፤ አራት እጅ ተነሣ።

ሰንሰለቱ ወረደ። ዝናሽ መወልወያዋን ይዛ ብቅ አለች። ፓስፖርቱን በእኔ እጅ አየችው።

«እትዬ ቀፀላ! የኔ ነው? የኔ ነው እንዴ?» መወልወያውን ጥላ እልል አለች። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ ሽታዬን ሳመች፣ መንበረን ሳመች፣ ጃድን ሳመችው። «ለእናቴ እደውላለሁ! አሁኑኑ! ልመጣ ነው እላታለሁ!»

ብዙ መርዶ ተናግሬያለሁ። እየጨፈረች ላለች ልጅ ግን ተናግሬ አላውቅም። 

«ዝናሽ፣ ስልኩን አስቀምጪው» አልኳት። «ግቢ፤ ቁጭ በይ።»

ማዳሟን ገፋ አድርጌ ገባሁ። ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ዝናሽ ከፊቴ ተቀመጠች፣ ገና እየሳቀች። ሽታዬና መንበረ ከኋላዋ ሆኑ።

«እንዴት ነሽ? እንቅልፍስ ትተኛለሽ?»

«ደኅና ነኝ፣ እትዬ። ምነው…» አለች። ነጠላዬን አየች። ጥለቱን አየች። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ፣ ማን እንደሚያነሣው ጠፋ።

«ማን ነው?» አለች በጣም ቀስ ብላ። «እትዬ፣ ማን ነው?»

«እሙሽ ናት፣ ልጄ። እናትሽ ዐርፋለች። ቄስ ፈትቷት፣ ልጆቿ ከበዋት፣ ባልጋዋ ላይ ነው ያረፈችው። በወግ ተቀብራለች።»

ወደቀች። ሽታዬ ያዘቻት። የመያዝ መሪው በር ላይ ቆሞ ይቀርጽ ነበር። የውሃ መሪው ውሃውን ሦስተኛ ፎቅ ረስቶታል። ዝናሽ «እሙዬ! እሙዬ!» ስትል፣ መንበረ ሙሾ ስታወርድ፣ መስኮቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። የዝምታ መሪው ዝም አለ፤ መጀመሪያ ጊዜው ነው። ጃድ ለዶክተር ራንዳ ደውሎ ምን እናድርግ ሲላት ሰማሁ። «ፎቶ አንሡ፣ ፊቷ ግን እንዳይታይ» አለችው። ስልኩን እያየው ቆየና ዘጋው። ለእሱ ስል ይህን አስጽፌያለሁ፤ ዘግቶባታል።

ማዳም ጃክሊን ጸጉሯን ይዛ መጣች። «ምንድነው? ሰው ሞቶ ነው? ሰው ብቻ ነው የሞተው?»

«እናቷ ሞታለች፣ ማዳም።»

«እና ሰልፍ አይደለም?» ደረቷ ላይ እጇን አደረገች፣ ተነፈሰች። «ኸላስ፣ እንግዲያው ፓስፖርቱን መልሽልኝ።»

ፓስፖርቱን ጡቴ ሥር ወሸቅሁት። «ለእሱ ሌላ ቀን እንጣላለን» አልኳት። «ለቅሶው ሦስት ቀን እዚህ ነው። ሐዘንተኛ የምትኖርበት ቤት ነው የሚለቀሰው፤ ይህች ልጅ ሌላ ቤት የላትም፣ አንቺ ነሽ ያሳጣሻት።»

«በእኔ ሳሎን? ላ፣ ላ፣ ላ!»

እሷ ላ ስትል በሩ ተንኳኳ። የስድስተኛ ፎቅ ጎረቤቷ ናት፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ፣ መሐረብ ይዛ። ለቅሶው በደረጃው ወርዶ ሕንጻውን አዳርሷል። የማዳም ጃክሊን እናት ደግሞ ዘጠና አራት ዓመቷ ነው፣ ዛህሌ ነው የምትኖረው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ካሁን ካሁን ሲል ነው የከረመው። ሴትዮዋ ማዳሟ አንገት ላይ ወድቃ «አላህ ይርሐማ! ነፍሷን ይማር! ምን ዓይነት ሴት ነበረች!» ብላ አለቀሰች።

ማዳም ጃክሊን ዞር ብላ አየችን። ሠራተኛዬ እናቷ ሞታ ነው ለማለት አፏን አሾለች። ሌላ ጥቁር ለባሽ ገባች። ሦስተኛዋ ከነባሏ መጣች። ከአራተኛዋ በኋላ ማዳም ጃክሊን ትልቁ የቬልቬት ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ መሐረብም ሰጧት፤ ተቀበለች። ካምስተኛዋ በኋላ ዕንባም መጣላት።

እኔ ዳኛ ነኝ፣ ሥራዬን ያዝኩ። «ጃድ! ላፕቶፑን አልጋ ላይ ጣለውና ውሃ አምጣ፤ ቧንቧው ያለ መብራት አይመጣም።» ሰባት ፎቅ ወርዶ ባሊ ይዞ ወጣ። «ሻርቤል፣ ወገብህ ያመሃል፣ በር ላይ ቁጭ በልና ጫማ አስተካክል። እናንተ አራታችሁ ከጎረቤት ወንበር ለምኑ። እናንተ ዳቦ፣ እናንተ ምስር ክኩን ልቀሙ። ሲሪን፣ ብርጭቆ እጠቢ።» ማንም ድምፅ ይሰጥ አላለኝም። ከተዋወቅን ወዲህ ሲያምሩኝ ያኔ መጀመሪያዬ ነው፤ ሸሚዛቸው በላብ ጠቁሮ ጽሑፉ አይነበብም ነበር።

ጎረቤት እስከ ሦስት ሰዓት ጎረፈ። ሁሉም በምንጣፉ ላይ በተቀመጠችው ዝናሽ ራስ ላይ እየተሻገረ ወደ ማዳሟ ያልፋል። እሷ ማዳሟን ለማጀብ የምታለቅስ መስሏቸው «እንዴት ታማኝ ናት» ይላሉ። መሐል ላይ ስልክ ጠራ። ዛህሌ ነው። አሮጊቷ ራሳቸው ናቸው፤ ድምፃቸው እኛ ድረስ ይሰማል። ሞተዋል ብለው ጎረቤት ደውሎባቸዋል።

ማዳም ጃክሊን ስልኩን በመሐረቡ ሸፈነችው። «ማማ፣ አልሞትሽም» አለች በሹክሹክታ። «እርግጠኛ ነኝ። አይ፣ አሁን ላስረዳሽ አልችልም፣ እንግዳ አለብኝ።» ዘጋችና እንደገና አለቀሰች። ሴቶቹ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» አሏት።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ለሳቅም ለታሪክም ይሆናል ብዬ እተወው ነበር። ግን ሁለት ሴቶች ገብተው ሲቀመጡ ዝናሽ ከምንጣፉ ተነሣች። ሽታዬ ልትይዛት ብትሞክር አመለጠቻት። ስድስት ዓመት የለመደ እግር ነው፣ እንግዳ ሲገባ ራሱ ይነሣል። ዐይኗ አብጦ፣ ነጠላዬን ደርባ፣ የውሃ ትሪ ይዛ ከወጥ ቤት ወጣች። ጎንበስ ብላ አቀረበች። አንደኛዋ ጠጣችና ባዶውን ብርጭቆ ሳታያት ዘረጋችላት፤ ወደ ማዳሟ ዞራ «እናት እኮ ምትክ የላትም፣ ሐቢብቲ» አለች።

«መርሲ» አለች ማዳም ጃክሊን፤ ዐይኗን ጠረገች።

ዝናሽ ብርጭቆውን ይዛ ቆመች። ምን እንደምታደርገው የጠፋት ይመስል ብርጭቆውን ታየዋለች።

ተነሣሁ። ትሪውን ከእጇ ተቀብዬ ለመንበረ ሰጠሁ። ወጥ ቤት ገብቼ ሲሪንን ክንዷን ይዤ፣ እጇ ላይ አረፋ እንዳለ፣ ሳሎኑ በር ላይ አቆምኳት። ሁሉንም አየች፤ እናቷን አየች፣ ዝናሽን አየች። ወደ ወጥ ቤቱ ልትመለስ ዘወር ስትል መንገዱን ዘጋሁባት።

«ኻልቶ፣ ማማ ትገድለኛለች» አለችኝ።

«አትገድልሽም፤ ብትቆጣሽ ነው። ቁጣ ደግሞ ዝናሽ ስድስት ዓመት ችላዋለች» አልኳት። «ዶራ መጥተሽ መሪ ነኝ ስትዪኝ አልተከራከርኩሽም። ያላ፣ አሁን ነው። ሂጂና እናትሽን ከዚያ ወንበር አስነሺያት። ዝናሽን አስቀምጪበት። ከዚያ እነዚህ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ፊት ቁሚና፣ የሞተችው እሙሽ ናት፣ የዚህች ልጅ እናት ናት በያቸው። ጮክ ብለሽ፤ እናትሽ እየሰማች።»